አንገት ዘንበል አድርጎ

ሰው የማያውቀው ሥዕል ፊት ሲቆም አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጋል። ማንም አላስተማረውም፤ ግን ልብ ብላችሁ ብታዩ፣ ልጅም ሆነ ሽማግሌ፣ ፊደል የቆጠረም ሆነ ያልቆጠረ፣ ከፊቱ ያለው ነገር ወዲያው አልገባው ሲል መጀመሪያ የምትንቀሳቀሰው አንገቱ ናት። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ከዚያ እጁ ወደ አገጩ ይሄዳል፤ ጢም ባይኖረውም አገጩን ያሻሻል። በመጨረሻ፣ አጠገቡ ሰው ካለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ምንድን ነው?» ይላል። ድምፁን ለምን ዝቅ እንደሚያደርግ እሱም አያውቅም፤ ሥዕሉ እንዳይሰማውና ቅር እንዳይለው ይሆናል።

ከአራቱ ነገሮች ሦስቱን እወዳቸዋለሁ፤ አንገቱን፣ እርምጃውንና አገጩን። አራተኛዋ ግን፣ ያቺ ጥያቄ፣ ትመጣና ዓይን የጀመረውን ሥራ አፍ ይነጥቀዋል።

ይህን ነገር ረጋ ብዬ ያሰብኩት ሙዚየም ውስጥ ሆኜ አይደለም፤ ዓለም ጤና ላይ ቡና እየጠበቅሁ ነው። ዓለም ጤናን የማያውቅ ካለ፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው በአሮጌው አስፋልት ላይ፣ ቆቃን አልፎ መቂ ሳይደረስ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ የምትል፣ መንገደኛው ብዙውን ጊዜ በመስኮት አይቷት የሚያልፋት ከተማ ናት። ግራር፣ አቧራ፣ ጋሪ፣ ቢጫ ጄሪካን፣ የሽንኩርት ሽታ። መኪና ካልተበላሸ ወይም ሆድ ካልጮኸ የሚቆም ሰው ጥቂት ነው። ቡና የምታፈላው ሴትዮ ደግሞ የማትቸኩል ሴት ናት፤ ቆሎውን ሰጥታኝ፣ እጣኑን ጨምራ፣ ከሰሉን በክዳን አራገበችና ወደ ጎረቤቷ ሄደች። ስለዚህ ከፊቴ ያለውን ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ከፊቴ የነበረው ደግሞ ሽንኩርት የሚጫንበት አንድ አይሱዙ ነው።

ላይ ሁለት ጫኞች፣ ታች ሁለት አቀባዮች፣ በስተጎን ደግሞ ምንም የማይሠሩ የሚመስሉ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሹፌሩ፣ ረዳቱና ደላላው። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን ምንም የማይሠሩት ናቸው። ሹፌሩ ወደ ኋላው እየተራመደ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደረሰ፤ ጋሪ በጆሮው ሥር ቢያልፍም አልሰማም፤ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ረዳቱም አለቃውን ተከትሎ ዘንበል አለ። ደላላው ወደ ሌላኛው ጎን አዘነበለ፤ ደላላ መቼም ከሰው ጋር አንድ ላይ ዘንበል አይልም። «በግራ በኩል ከበደ» አለ ሹፌሩ። «አልከበደም፤ ያቺ የላይኛዋ ጆንያ ናት ያስመሰለችው» አለ ረዳቱ። ጆንያዋ ከቦታዋ ተነሥታ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገባች። እንደገና ዘንበል። ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከአንድ ሲጋራ ያልበለጠ ከአንድ ትንፋሽ ግን የረዘመ ነበር። «አሁን ቆመ» አሉ። እውነትም ቆመ።

ማንም «ምንድን ነው?» አላለም። ይህ የጆንያ ክምር ምን ይመስላል፣ የምን ምሳሌ ነው፣ መልእክቱስ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ከበደ፣ ቀለለ፣ አጋደለ፣ ቆመ፤ በቃ። አንድ የሥዕል መምህር በተማሪው ሸራ ፊት ቆሞ የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ የመምህሩ ቃላት ረዘም ማለታቸውና ሸራው መንገድ ላይ ቢገለበጥ ሰው የማይገድል መሆኑ ነው።

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ትዝ ያለኝ በዚህ መሀል ነው። (አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሥዕሉን የወደድኩለትን ሟች አንቱ ስለው የራቀኝ ይመስለኛል።) ሐረር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1932 ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ካህን ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጅየው ቀለም ከሚበጠበጥበት ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ ግን ግብርና ሊማር ነው የገባው። ጀምሮ ተወው። ቢገፋበት ኖሮ፣ ማን ያውቃል፣ የሽንኩርት ባለሙያ ተብሎ ወደዚሁ ሸለቆ ይመደብ ነበር፤ እኔም ዛሬ ስለ እሱ የማወራው ስለ ዘር አመራረጥ ይሆን ነበር። እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ፤ በ1961 ጨረሰና በማግሥቱ ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1957 ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ።

ነገሬን ላቁምና አንድ የማይቀር ነገር ልጨምር፤ ሠዓሊዎች ብዙዎቹ ከሌላ ትምህርት የሸሹ ሰዎች ናቸው። አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ተምረው እንዲመለሱ ነበር። የቢሾፍቱው ለማ ጉያ አየር ኃይል ውስጥ ነበሩ። ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ፣ በኋላ የምመለስበት ሰውዬ፣ የሕግ ሰው ነበር። አባት «ልጄ መሐንዲስ ሊሆን ነው» ብሎ ሲያወራ ልጁ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ ጠርዙ ላይ ፈረስ እየሳለ ነው። ከየትም ትምህርት ቢሸሽ የሚያስጠጋው ስለማይጠፋ፣ ሥዕል በሩ የማይቆለፍ ቤት ነው እላለሁ።

ወደ ገብረ ክርስቶስ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥዕሎቹን ለብቻው አሳየ። ተመልካቹ የለመደው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ሥዕሉን አይቶ ቅዱሱን በፈረሱ ቀለም ይለየዋል፣ ነጩ ጊዮርጊስ ነው፤ ክፉውን ደግሞ ፊቱን በጎን ስለሚያሳይ በአንድ ዓይኑ ያውቀዋል። ወይም የንግሥተ ሳባን ታሪክ ያውቃል፤ በየክፍሉ ተከፋፍሎ ስለተሳለለት ከግራ ወደ ቀኝ እየተከተለ ያነበዋል። ገብረ ክርስቶስ ያቀረበለት ግን ቀለም፣ ቅርጽና ክብደት ነው። «ጎልጎታ» እንኳ፣ በዚያው ዓመት የሠራው፣ ርዕሱ የታወቀ ሆኖ ሳለ ስቅለቱን በለመድነው መንገድ አይነግረንም። አንገት ዘንበል አለ፤ እርምጃ ወደ ኋላ ተሄደ፤ አገጭ ተሻሸ፤ ከዚያም ያቺ ጥያቄ መጣች። ጥያቄዋ ብቻዋን ብትመጣ ደግ ነበር፤ ግን ዘመድ ይዛ ትመጣለች፤ «ይሄ የፈረንጅ ነው» የምትለዋን። ሥራው ኢትዮጵያዊ አይደለም ያሉት ብዙ ናቸው። እሱም በቃልና በጽሑፍ ተከራከረ። ነገሩ እንግዲህ የሚገርመው፣ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበለው ይኸው «የማይገባ» የተባለ ሰው ነው፤ ደግሞም በአማርኛ ግጥም ሲጽፍ ስለ አገሩ እንደ እሱ የሚያስለቅስ ጥቂት ነበር። ያው ሰው በብዕር ሲመጣ የኛ፣ በብሩሽ ሲመጣ የፈረንጅ ሆነ።

ቡና አፍዪዋ ተመለሰች። የቡና ቤቷ ግድግዳ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ቆርቆሮ ስል ግን ከሱቅ የተገዛውን የሚያብረቀርቀውን ማለቴ አይደለም። ተከፍቶ የተነጠፈ የበርሜል ልባስ አለበት፤ የዘይት ጣሳ አለበት፤ ግማሽ ፊደሉ የቀረ አሮጌ ታፔላ አለበት፤ ዝገት ያቀላው፣ ፀሐይ ያነጣው፣ ምስማሩ ዙሪያ ዝናብ ያወረደው ቡናማ እንባ ያለበት። በሩ አጠገብ አንድ ሰማያዊ ቁራጭ አለ። ከሁሉም ያ ሰማያዊ ነው ዓይኔን የያዘው።

«እህቴ፣ ይሄን ግድግዳ ማን ነው የሠራው?»

«የቱን? ይሄን ውዳቂ?» አለች። «ባለቤቴ ነው የመታው። ምነው ጋሼ፣ ሊያፈርሱብኝ ከቀበሌ ነው እንዴ የመጡት?»

«ኧረ በጭራሽ! ሰማያዊው አምሮኝ ነው።»

ዞር ብላ አየችው። «እሱን እኔ ነኝ እዚያ ጋ አድርገው ያልኩት» አለች። «እሱ ከጓሮ ሊመታው ነበር። ሰማያዊው በሩ ጋ ካልሆነ በሩ ይጠፋል፤ ሁሉም ዝገት ነዋ።»

ይህን ስትል አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንደነበር ካልነገርኳችሁ ጽሑፉ ሙሉ አይሆንም። ሰማያዊው ከዝገቱ ጋር ምን እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚጎድል ታውቃለች። ያንኑ ሰማያዊ በክፈፍ አስገብቼ ብሰቅልላት ግን «ምንድን ነው?» ማለቷ አይቀርም። ክፈፍ የሚባለው ነገር ዓይን ላይ የሚሠራው ተንኮል ይገርመኛል፤ አራት እንጨት ነው፣ ግን ሰውየውን ከባለሙያነት ወደ ተፈታኝነት ያወርደዋል።

ለነጠላና ለቀሚስ ጥለት እንዲህ አንልም። የበዓል ዕለት አንዲት ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ስትገባ ጥለቷን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው? ምን ለማለት ነው?» ያለ ባል እስካሁን አልሰማሁም፤ ቢኖርም ምሳ አልበላም። አረንጓዴው በዛ፣ ወርቁ አነሰ፣ ይሄኛው ካለፈው ዓመቱ ይበልጣል እንላለን እንጂ። ያ ማዕዘን በማዕዘን የተያያዘ ቅርጽ የፈረስም የሰውም መልክ የለውም፤ አያታችንም እናታችንም ለብሰውታል፤ ማንም የፈረንጅ ነው አላለውም። ዘሪሁን የትምጌታ ይህ የገባቸው ሠዓሊ ይመስሉኛል። የገብረ ክርስቶስ ተማሪ ነበሩ። ሸራን ትተው ከሽመና ዕቃ የተገኙ ቀጫጭን ስንጥሮችን ጎን ለጎን እየገጣጠሙ በእነሱ ላይ ሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸለሙበት። ሥራቸው ፊት የቆመ ሰው መጀመሪያ ሥዕል ያየ አይመስለውም፤ ከሸማኔ ጉድጓድ የወጣ ነገር ያየ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሳይፈራ ይጠጋል።

አሁን ካንዲንስኪ። ስለ እሱ ለማውራት ግን ከዓለም ጤና ወጣ ማለት ያስፈልጋል፤ ሩቅ አይደለም፣ የከተማዋ የመጨረሻ ቤት እስካለበት። ታኅሣሥ ወይም ጥር ከሆነ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር ይታያል። ክምር ምን ዓይነት ቀለም አለው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ጠዋት ግራጫ ነው። ረፋዱ ላይ ቢጫ ይሆናል። ቀትር ላይ ቀለም የለውም፤ ብርሃን ብቻ ነው፣ ዓይን ያስጨፍናል። ፀሐይ ወደ ጉራጌ ተራሮች ስታዘቀዝቅ ክምሩ ይቀላና መሬት ላይ የተኛው ጥላው ሐምራዊ ይሆናል፤ ጥላ ጥቁር ነው ብሎ ያስተማረን ሰው አመሻሽ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 በቤቱ አጠገብ የነበሩ ክምሮችን ነው ይዞ የተቀመጠው፤ ወደ 25 ሸራ ሞላባቸው። ለዓለም ጤና ገበሬ ይህን ብነግረው የሚስቅ ይመስለኛል፤ ክምር ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ነው እንጂ ቆሞ ሲታይ ምን ይረባል፣ ዝናብ ቢመጣበትስ? ግን የትኛው ክምር በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚመስል ከሞኔ ባላነሰ የሚያውቀው ይኸው ገበሬ ነው፤ ጤዛው መድረቁን የሚለየው በቀለሙ ነው።

ከእነዚያ ክምሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1896 ሞስኮ ለኤግዚቢሽን ቀረበ። ካንዲንስኪ ዕድሜው ሠላሳ ደርሷል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ይጠብቀዋል። ሥዕሉ ፊት ቆመና ምን እንደሆነ ጠፋው። ክምር መሆኑን ያወቀው ከካታሎጉ አንብቦ ነው። አለማወቁ አሳፈረው፤ ሠዓሊው እንዲህ ግልጽ ሳያደርግ የመሳል መብት የለውም ብሎም ተናደደ። እንግዲህ የኛ ሰው አዲስ አበባ ላይ የተናደደውን ያህል መሆኑ ነው። ግን ሥዕሉ ከአእምሮው አልወጣ አለው፤ ክምሩ ሳይታወቅ ቀለሙ ብቻውን ሥራውን ሠርቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሕጉን ትቶ ሥዕል ሊማር ሙኒክ ገባ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ሲመሽ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ሲገባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ ከውስጡ የሚያበራ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ድንቅ ሥዕል አየ። ጠጋ ቢል የራሱ ሥዕል ነው፤ በጎኑ ቆሞ። ሌሎቻችን አንገታችንን እናዘነብላለን፤ ለእሱ ሥዕሉ ራሱ ዘንበል ብሎ ጠበቀው። በማግሥቱ በቀን ብርሃን ያንን ውበት ለመመለስ ቢሞክር፣ በጎኑም ቢያቆመው፣ ዕቃዎቹ ምን ምን እንደሆኑ እየታወቁ አስቸገሩት። ሥዕሉን የሚጎዱት ዕቃዎቹ ናቸው ብሎ የደመደመው ያኔ ነው። የረቂቅ ሥዕል አጀማመር አንዱ ታሪክ ይኸው ነው፤ ክምርና የተጋደመ ሸራ።

በጎን መቆም እንዲህ ከተሳካ ተገልብጦ መሰቀልስ? እሱም ደርሷል። ኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1961 የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የማቲስን «ጀልባ» ለ47 ቀን ገልብጦ ሰቅሎት ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አይቶት አለፈ፤ ከእነዚያ ሁሉ አንገቶች መሀል የነገሩን መዛባት ተናግራ ያስተካከለችው አንዲት ጎብኚ ናት። ምክንያቷ ግሩም ነው፤ ወረቀቱ ላይ የጀልባው ሸራና የውኃ ነጸብራቁ አሉ፣ ሠዓሊው የደከመበትን ዋናውን ነገር ታች አድርጎ ቀለል ያለውን ላይ አያስቀምጥም አለች። የኔ ሹፌርና ረዳት እዚያ ሙዚየም ተቀጥረው ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ባስወረዱት ነበር። ደላላው ግን ልክ ነው ይል ነበር።

ያው ሙዚየም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእስክንድር ቦጎሲያንን ሥራ ገዛ። እስክንድር አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወለደ፤ ለንደን፣ ከዚያ ፓሪስ፣ በ1966 ተመልሶ እዚሁ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጥቂት አስተማረ፤ ከዚያ አሜሪካ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙ ተማሪ አፍርቶ በ2003 እዚያው ዋሽንግተን አረፈ። ሥዕሎቹ ውስጥ ዓይን ይበዛል። ዓይኖቹ ከየት እንደመጡ የሚያውቅ ያውቃል፤ ደብተራው ለታመመ ሰው በብራና የሚጽፍለት ጥቅል ክታብ ላይም ዓይን ይበዛል። ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። የእስክንድር ነገር እንዲህ ነው፤ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ከሠዓሊዎቹ ከክሌና ከማታ ሥራዎች ጋር ተዋውቆ፣ ሲመለስ በእጁ የያዘው የደብተራውን ጥቅል ነው።

ዓለም ጤና ላይ የሚሠራ አንድ ባጃጅ ከኋላው ሁለት ትልልቅ ዓይን ተስሎበታል፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር። ባለባጃጁን ለምን ብለው «ከኋላ የሚመጣውን እንዲያይልኝ ነዋ» አለኝ። ይቀልድ ይሁን አይቀልድ አልለየሁም፤ እሱም የለየ አይመስለኝም።

እስካሁን ያወራሁትን ያየ፣ ጥያቄዋን የሚመልሱ ሠዓሊዎችን የምንቅ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር በሚሆን ባለቀለም መስታወት የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ሲነግሩን ምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም፤ ግን ፀሐይ በመስታወቱ አልፋ ወለሉ ላይ የምትጥለውን ቀለም እዩና ያ ደግሞ ምን እንደሆነ ንገሩኝ። ለማ ጉያም እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪያርፉ ድረስ እዚሁ ቢሾፍቱ በየፍየል ቆዳው ላይ የሰው ፊት ሳሉ። ቆዳ ሸራ አይደለም፤ የራሱ ቀለም፣ የራሱ ጠርዝ፣ የራሱ ጠባሳ አለው፤ ሥዕሉ ፊት ሲሆን ዳሩ ፍየል እንደሆነ ይቀራል። ማንም ሠዓሊ ጥያቄዋን ጨርሶ አይመልስም፤ አንዳንዱ ግማሹን ይመልስና ሌላውን ግማሽ ከጠርዙ ላይ ይተወዋል።

ለዚህ ከሁሉም የምወዳቸው ታደሰ መስፍን ናቸው። በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ፣ ራሳቸው ወደ ሌኒንግራድ ሄደው የተማሩ ናቸው። የሚስሏቸው የገበያ ሴቶችን ነው፤ የጉልት ቸርቻሪዎችን፤ ቆመው፣ ረዘም ብለው፣ ዙሪያቸው ቦታው የት እንደሆነ ሳይታወቅ። ከቡና ቤቷ ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በሳህን የደረደሩ ሴቶች ቆመዋል። አውቶቡስ ሲቆም ሁሉም ይሮጣሉ፤ ያኔ ሻጮች ናቸው። አውቶቡሱ ሲሄድ አቧራው ይነሣና ለጥቂት ጊዜ መንገዱም፣ ማዶ ያለው ሱቅም፣ መሬቱም ይጠፋል፤ ሴቶቹ ብቻ ይቀራሉ፣ አንዷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። ያኔ ሻጮች መሆናቸው ይቀርና ቋሚ ነገሮች ይሆናሉ። ታደሰ አቧራውን በልክ የሚያውቁ ሠዓሊ ናቸው።

ገብረ ክርስቶስ ብዙ አልቆየልንም። እ.ኤ.አ. በ1979 ከአገር ወጣ፤ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ፤ ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ግን ከዓመታት በኋላ ወደ አገር ገብተው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2008 በስሙ የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ከፍቶለታል። ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ጠባቂው ብዙ አያጨናንቅም፤ ያለ ምንም አስጎብኚ ብቻችሁን ግቡ። ርዕሱን መጀመሪያ አታንብቡ። የሥዕሉን ርዕስ ቀድሞ ያነበበ ሰው የታመመ ሰው ቤት ገብቶ ታማሚውን ሳይሆን አልጋውን እንደጠየቀ ነው።

ዓለም ጤና ውስጥ አንድ የቀረ ታፔላ ጸሐፊ አለ። አሁን ሁሉም ነገር በባነር እየታተመ ሥራው ቀንሶበታል፤ ቢሆንም ጎሚስታውና ሥጋ ቤቱ አልከዱትም። መሰላሉን ተደግፎ የጎሚስታ ታፔላ ላይ ጎማ ሲስል አገኘሁት። ጎማው ክብ አይደለም፤ ወደ ጎን የተሳበ ነው። ብጠይቀው «ከመቂ የሚመጣ መኪና ፊት ለፊት አያየውም፣ በጎን ነው የሚያየው፤ በጎን ሲታይ ክብ ይሆናል» አለኝ። ሄጄ ከመቂ በኩል አየሁት፤ ሆኗል። ተመልሼ ስለ ገብረ ክርስቶስ ነገርኩት፤ ምንም ነገር የማይመስል ሥዕል ይሥል የነበረ፣ ተምሮ የመጣ፣ የተሸለመ፣ ሰው ግን «ምንድን ነው?» እያለ ያስቸገረው ሰው ነበረ አልኩት። ብሩሹን ከቀይ ቀለሙ አውጥቶ በጣሳው ጠርዝ ጠረገና አሰበ።

«ሰው ሲያዝዘው ነው ወይስ ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

«ቀለሙን ማን ነው የሚችለው?»

«ራሱ» አልኩት።

«እንግዲያው የፈለገውን ይሳላ» አለና መሰላሉ በአንድ እግሩ ስለሚላወስ እንድይዝለት ጠየቀኝ።